ደም የሚያቆመው ዘፈን

ሴትዮዋ ለደም ምርመራ በመጡ ቁጥር ይዘፍናሉ። ነርሷ መጀመሪያ ግራ ገብቷት ነበር፤ አሁን ግን ምክንያቱን ለአዲስ ታካሚ ሁሉ በደስታ የምታስረዳው እሷ ናት። ፕላትሌት የሚባሉት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን ሕዋሶች በሴትዮዋ ደም ውስጥ ያንሳሉ። ስለዚህ መርፌው ከወጣ በኋላ ጥጡን ከሌላው ሰው ይበልጥ ረጅም ጊዜ መጫን አለባቸው። ሰዓት ማየት ስለሚሰለቻቸው በልጅነታቸው ልብስ ሲያጥቡ ይዘፍኑት በነበረው ዘፈን ይለካሉ። በከፋ ቀን ዘፈኑ አልቆ እንደገና ይጀመራል፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ አዝማቹን ይቀበላቸዋል።

ፕላትሌቱ እንዲጨምር የሚወስዱት ክኒን እንቅልፍ ነስቷቸዋል፤ ፊታቸውንም ድቡልቡል አድርጎታል።

«የተጨማደደውን ሁሉ ተኮሰልኝ እኮ!» ይላሉ ጉንጫቸውን እየዳበሱ። «ሰው ታናሽ እህቴን እያየ ‹እናትዎ ናቸው?› ይለኛል። ስትናደድ ብታያት!»

ዛሬ ፕላትሌቱ ጨምሮ ከተገኘ ሐኪሙ ክኒኑን ሊቀንስላቸው ቃል ገብቷል። እንቅልፍ ናፍቋቸዋል። ጥጡን ተጭነው ዘፈኑን ጀመሩ። ግማሽ ሳይደርሱ ነርሷ ጥጡን ገለጥ አድርጋ አየች።

«እማማ፣ ቆሟል!»

«አትቀልጂብኝ፣ ልጄ።»

«እናቴን! ይዩት።»

አዩት፤ ዘፈኑም እዚያው ላይ ቀረ። ይሄኔ ከወረፋው አንድ ሽማግሌ ጮኹ፦

«እትዬ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ጥለውን ሊሄዱ ነው እንዴ?»

ሴትዮዋ ሳቁና ጥጡን ጣሉት። አሁን ሁለቱም እጆቻቸው ነጻ ስለሆኑ እያጨበጨቡ ቀጠሉ። ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ክኒኑ እንደሚቀነስ ለመናገር ዘፈኑ እስኪያልቅ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ።