የሸምሱ ሳል

ባለፈው ዓመት፣ በርበሬ በሚለቀምበት ሰሞን የሆነ ነው። ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ልጻፈው።

ቡታጅራ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ድሮ አራት ጓደኛሞች ሆነን እዚያው ውስጥ ሮክ እንጫወት ነበር፤ እኔ ቤዝ ጊታር፣ ሸምሱ ድራም። የመጀመሪያ አልበማችንን አዲስ አበባ ስንቀዳ አቀናባሪው "ድራመራችሁ ችኩል ነው" ብሎ የሸምሱን ምት አወጣና በማሽን ተካው። እኔ አውቅ ነበር። አልነገርኩትም። ሸምሱ አልበሙ ወጥቶ ሻይ ቤት ውስጥ ሲዘፈን፣ ምቱ የሱ አለመሆኑን ሰማ። ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ፣ በዚያው ቀረ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያንኑ አልበም እንደገና ልንቀዳው ተነሳን፤ ያለ ማስዋቢያ፣ ስህተቱም ጩኸቱም እንዳለ፣ እዚያው መጋዝና ፍቅፋቂ መሃል። ከወልቂጤ ድራመር አመጣን። እጁ ይባረክ፣ አንድም አይስት። እኔ ግን ዞር ባልኩ ቁጥር የምፈልገው ሸምሱን ነበር። አይ ናፍቆት!

አንድ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ቆሼ ወረድኩ። በርበሬ ነጋዴ ሆኗል። መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ሲያስር አገኘሁት።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ሸምሱ።"

"ወአለይኩሙ ሰላም። መንገድ ጠፋህ እንዴ?" አለኝ ሳይስቅ።

መንገድ ላይ ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። "በድዬሃለሁ፤ ያኔ አውቅ ነበር" አልኩት።

"የዘጠኝ ዓመት ቂም ልታስረሳኝ፣ ሽማግሌ እንኳ ሳታስቀድም መጣህ! ከኔና ካንተ ማነው ችኩሉ?" አለ።

ለቀረጻው እንዲመጣ ለመንኩት። "መኸሩን ጥዬ? ደግሞ ልቤም አልመጣም" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ባዶ ጀሪካን ጉልበቱ መሃል ያዘና "እስቲ የመጨረሻዋን ዘፈን ጀምራት" አለ።

ስልኬን እንዲቀዳ ከፍቼ ጆንያው ላይ አስቀመጥኩና አንጎራጎርኩ። እሱ መታ። የበርበሬው ብናኝ ጉሮሮውን ያዘው፣ ዓይኑ እስኪያለቅስ ሳለ። እጁ ግን አላቆመም። ያው የድሮው ሸምሱ! እኔም አለቀስኩ፤ በበርበሬው አሳበብኩ።

ቡታጅራ ስመለስ ሌሎቻችን በዚያው ምት ላይ ተጫወትን። ቀጂያችን "ሳሉን ላጥፋው?" ሲል "እንዳትነካው!" ብዬ ጮህኩበት።

አልበሙን ልኬለታለሁ። እስካሁን አልደወለም፤ አልፈርድበትም። ድሮ ድራም ሲመታ ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር ግን ማንም እንዲቀመጥበት አልፈቅድም። ያቺን ዘፈን ሥራ ላይ ሆኜ እከፍታታለሁ። ሳሉ ሲመጣ ሸምሱ የገባ ይመስለኝና ወደ በሩ እዞራለሁ።