ጋራዤ በር ላይ የተንጠለጠለው ሞተር

መጀመሪያ ማን የት እንደነበረ ልጻፍ፤ አለዚያ ነገሩ ግልጽ አይሆንም። ባለቤቴ ግርማ የእጅ ባትሪ ይዞ ከአሮጌው ላንድክሩዘር በስተግራ ቆሟል። ጋሽ ታደሰ በስተቀኝ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተዋል። ሃብቶም መኪናው ሥር ተኝቷል፤ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። በመካከላቸው አንድ የናፍጣ ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ከሞተሩ ወዲያ፣ ጋራዡ ውስጥ፣ የእኔ መኪና መውጫ አጥታ ቆማለች። እኔ ደግሞ የመንገድ ቦርሳዬን ይዤ የኩሽናው በር ላይ ነኝ።

ቦታው ኦክላንድ የሚገኘው ቤታችን ነው። ጊዜው ባለፈው ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። እኔ የምጮኽ ሰው አይደለሁም፤ ከሰውም ጋር ብዙ አላወራም። እንደዚያ ቀን የተናደድኩበትን ጊዜ ግን አላስታውስም። ከአእምሮዬ ያልወጣውም ለዚህ ይመስለኛል።

በማግስቱ ጠዋት ሳን ሆዜ የምትኖረው ታናሽ እኅቴ አልማዝ የዓይን ቀዶ ሕክምና ነበራት። አንደኛው ዓይኗ አያይም ማለት ይቻላል፤ ሁለተኛውም እየደከመ ነው። ልጆቿ ሌላ ስቴት ናቸው። ሆስፒታሉ ደግሞ ሕግ አለው። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው በታክሲ አይሸኝም፤ የሚያውቀው ሰው መኪና ይዞ ካልመጣ ሕክምናው አይደረግም። አንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ከበር መልሰዋታል። ሁለተኛውን ቀጠሮ ያገኘችው ወራት ጠብቃ ነው። መኪና ይዤ እመጣለሁ ያልኩት እኔ ነበርኩ። እሷ ዘንድ አድሬ በማለዳ ልወስዳት ነበር የተነጋገርነው።

ላንድክሩዘሩን የገዛው ግርማ ነው። ሰው ጡረታ ሲወጣ ጓሮውን ይኮተኩታል፤ እሱ በሩ በተዘጋ ቁጥር ዝገት የሚያራግፍ መኪና ይዞ መጣ። ቤንዚን ይጠጣል ብሎ ሲያማርር ከረመና የናፍጣ ሞተር ልግጠምለት አለ። “ናፍጣ ካልሆነ ሞተር አይባልም” ይላል። መኪናው በጣም ስላረጀ የጭስ ምርመራ አይጠየቅም አሉት። ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው? ደኅናውን የራሱን መኪና ሸጠ። የላንድክሩዘሩን የቤንዚን ሞተር አውጥቶ ለማላውቀው ሰው ሰጠ።

የናፍጣውን ሞተር ያገኘው ሃብቶም ነው። ሃብቶም አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ከጃፓን ያገለገለ ሞተር የሚያስመጣ ሰው ያውቃል። ከትንሽ የጭነት መኪና የወጣውን ሞተር በዕረፍት ቀኑ ጭኖ መጥቶ ደጃችን ሲያወርደው እንደ ሙሽራ ነው ያጨበጨቡለት።

ልኩን የወሰዱት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ግርማን በወጣትነቱ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬም በስልክ ድምፃቸውን ሲሰማ ከተቀመጠበት ይነሣል። ሜትራቸውን ዘርግተው ሞተሩን ለኩ፤ የመኪናውንም ሆድ ለኩ። “ይገባል” አሉ።

አልገባም።

ይህን ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ሞተሩ ከሥሩ የዘይት ቋት አለው፤ ቋቱ ከፊት በኩል ወደ ታች ሆዱን ነፍቷል። ላንድክሩዘሩ ደግሞ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞርበት ትልቅ ብረት በዚያው ቦታ ያልፋል። ከፍ ሲያደርጉት ኮፈኑ አይከደንም። ወደ ኋላ ሲገፉት ካምቢዮው እምቢ ይላል። ዝቅ ሲያደርጉት ብረት ከብረት ይጋጫል። ሞተሩ ግማሹ ገብቶ ግማሹ ወጥቶ ግርማ በተከራየው የሞተር ማንሻ ላይ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ሆነ። ማንሻው የቆመው በላንድክሩዘሩ አፍንጫና በእኔ መኪና መካከል ነው። ሞተሩን አውጥተው ላንድክሩዘሩን ወደ መንገድ ቢገፉት መኪናዬ ትወጣለች። ሞተሩ ከወጣ ግን ነገሩ አበቃ ማለት ነው፤ ስለዚህ አያወጡትም።

አንድ ቀን ግርማ እጁን ሊታጠብ ኩሽና ገባ። ውኃውን ከፍቶ ቆየና፣ “ይሄ ነገር አይገባም” አለኝ ዝግ ብሎ።

“ታዲያ ንገራቸዋ።”

“እንዴት ብዬ? ጋሼን በዚህ ዕድሜያቸው ተሳስተዋል ልበላቸው? አደራሽን፣ እንዳትናገሪ።”

ፎጣውን አጥቁሮልኝ ወጣ። ወዲያው፣ “ጋሼ፣ ትንሽ ከወደ ቀኝ ብናደርገውስ?” ሲል ሰማሁት።

ቀጥሎ ሃብቶም ደወለልኝ። ወደቡ በር ላይ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። “እትዬ ብርነሽ፣ በእርስዎና በእኔ ይቅር” አለኝ። “ያ ሞተር ፊት አያደርግም፤ አይገባም። ኔቨር! እኔ ከመኪናዬ ሲወርድ ነው ያወቅኩት።”

“ለምን ዝም አልክ?”

“ግርማ እንዴት ደስ እንዳለው አላዩም? ሰውየው መኪናውን ሸጧል እኮ! ቅስሙን ልስበረው? አደራ፣ እትዬ።”

ጋሽ ታደሰ ደግሞ የነገሩኝ ወደ አውቶቡሱ ፌርማታ ስሸኛቸው ነው። መኪና ስለማይነዱ በአውቶቡስ ነው የሚመላለሱት። ፌርማታው ጋ ስንደርስ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። “ልኩን ስቻለሁ” አሉኝ። “ቁመቱን ለካሁ፣ የሆዱን ነገር ዘነጋሁት። አይሆንም ያ ሞተር።”

“ጋሼ፣ ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?”

“ሃብቶም ዕረፍቱን ሠውቶ ያመጣው ነገር ነው። የማይረባ አመጣህ ይባላል? ነውር ነው።”

“እሱም እኮ…”

“አደራ፣ ልጄ። እንዳያስቀይመው።” አውቶቡሱ መጣና ገቡ።

ሦስቱም ያውቃሉ፤ ሦስቱም አንዱ ለአንዱ ሲሉ ዝም ብለዋል። አደራቸው ሁሉ እኔ ዘንድ ተቀምጧል። በማግስቱም ሦስቱ ተሰብስበው ያንኑ ሞተር ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ዋሉ። በማግስቱም እንዲሁ። ለእኔ የሚሉኝ፣ “እስከ ሐሙስ መኪናው ተነሥቶ በራሱ ይወጣል” ነው። እኔም አደራ ተቀብያለሁና አፌን ያዝኩ።

ሐሙስ ከሰዓት አልማዝ ደወለች።

“እትዬ፣ ከሆስፒታሉ ኮል አድርገው ነበር። የሚወስድሽ ሰው ከሌለ ዛሬ ቢሮው ሳይዘጋ ካንስል አድርጊ አሉኝ። ላድርገው?”

“እንዳትነኪው። እየመጣሁ ነው።”

“ካልተመቸሽ እኮ ግዴለም። እኔ ለምጄዋለሁ።”

ግዴለም ስትል ድምፅዋ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ስልኩን ዘግቼ ቦርሳዬን አነሣሁና የኩሽናው በር ላይ ቆምኩ።

“ግርማ፣ መኪናዬን አውጡልኝ።”

“አሁን! ይቺን ብቻ እናስገባና። ፋይቭ ሚኒት!”

“ሊገባ ነው እትዬ” አለ ሃብቶም ከመኪናው ሥር። “ሊትል ቢት ነው የቀረው!”

“ከወደ ኋላው ዝቅ አድርጉት” አሉ ጋሽ ታደሰ።

ግርማ ማንሻውን ለቀቀው። ሞተሩ ወረደ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሰማሁትን ድምፅ አሰማ።  ከዚያ ግርማ ባትሪውን ወደ ውስጥ አብርቶ አየና፣ “አሁን እኮ ገብቶ ነበር” አለ።

“አልገባም” አልኩ። “አይገባምም። ግርማ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ጋሼን ላለማሳፈር ብለህ ነው። ጋሼ፣ እርስዎም ያውቃሉ፤ ሃብቶምን ላለማስቀየም ብለው ነው። ሃብቶምም ያውቃል፤ ለግርማ አዝኖ ነው። ሦስታችሁም አደራ ብላችሁኛል። ሦስቱንም አደራ በላሁ። አሁን ሞተሩን አውጡ።”

የሃብቶም ጫማ መንቀሳቀሱን አቆመ።

“እኔ?” አለ ግርማ። “እኔ ሊያስቸግር ይችላል ነው ያልኩት።”

“እኔም ሜይቢ ነው ያልኩት!” አለ ሃብቶም። “ሜይቢ አላልኩም፣ እትዬ?”

“ኔቨር ነው ያልከኝ።”

ጋሽ ታደሰ የከዘራቸውን እጀታ ያሻሹ ጀመር። “ብርነሽ፣ የሞተር ነገር በችኮላ አይሆንም” አሉኝ።

“አንድ ጊዜ ደግሞ እንሞክር፣ ጋሼ?” አለ ግርማ።

“እንሞክር፣ ምን ችግር አለ” አለ ሃብቶም።

“ሞክሩ” አሉ ጋሽ ታደሰ።

ዛሬም ያቺን ደቂቃ ሳስታውስ እበግናለሁ። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ንዴቱ ይቀልልኝ ነበር። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ለራሱ ብሎ አልዋሸም። ግርማ እኅቴን እንደ ራሱ እኅት ነው የሚያያት። ሃብቶም ስንታመም ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ጋሽ ታደሰ ክፉ ቃል ሲወጣቸው ሰምቼ አላውቅም። እርስ በርስ ሲከባበሩ፣ ሲተዛዘኑ፣ የአልማዝ ዓይን በመካከላቸው ሊጠፋ ነው። አንዳቸውም ይህን አላሰቡትም። እነሱ የሚያስቡት ጎናቸው ያለው ሰው ፊቱ እንዳይጠቁር ነው።

“ሃብቶም፣ ከዚያ ሥር ውጣ” አልኩ።

ወጣ። ጢሙ ላይ ዘይት ነበረበት። እኔ በማንሻውና በግድግዳው መካከል በጎኔ ሾልኬ አለፍኩ። መኪናዬን ከፍቼ ገባሁ፤ ቦርሳዬን ጎኔ አስቀመጥኩ፤ ቀበቶዬን አሰርኩ። ሞተር አስነሣሁና የኋላ ማርሽ አስገባሁ። የኋላ መብራቷ ተንጠልጣዩ ሞተር ላይ በራ። ካሜራዋም አየችውና ትጮኽ ጀመር፤ ከኋላዋ ነገር ሲኖር እንደዚያ ነው የምትጮኸው። ፍሬኑን ረግጬ፣ እጄን መሪው ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

በመስታወቱ ሦስቱንም አያቸዋለሁ። ግርማ ጋሽ ታደሰን አየ። ጋሽ ታደሰ ሃብቶምን አዩ። ሃብቶም ግርማን አየ። መኪናዋ ትጮኻለች።

መጀመሪያ የተነሡት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ወንበራቸውን አጥፈው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። “በሉ፣ ስቀሉት” አሉ።

ሃብቶም ቡሎኖቹን ፈታ። ግርማ የማንሻውን ዘንግ ሳበ። ሞተሩ ከላንድክሩዘሩ ሆድ እየተወዛወዘ ወጣ፤ እየገፉ ወስደው ግድግዳው ሥር አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ሃብቶም ላንድክሩዘሩን ከፊት ገፋ፤ ግርማ በሩን ከፍቶ መሪ ይዞ እየተራመደ ወደ መንገዱ አወረደው። ጋሽ ታደሰ ከኋላው ድንጋይ ይዘው ሄዱና ጎማው ሥር አኖሩት።

መኪናዬ መጮኽ አቆመች። ቀስ ብዬ ወጣሁ።

መንገዱ ጠርዝ ላይ ሦስቱ ቆመው ነበር። ግርማ መስኮቴን ሊያንኳኳ እጁን አነሣ፤ ከዚያ እጁ ዘይት በዘይት መሆኑን አየና ተወው። ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ።

ማርሹን ቀይሬ ወደ ሳን ሆዜ ሄድኩ።