የአራተኛው ፎቅ ዘመዶች

ሰው እናቱን ለማሳመን ሽማግሌ ይልካል፤ እኔ የላክሁባት አዋጅ ነው።

እናቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በእጣ የደረሳት ቤት አላት። እኔና ባለቤቴ እዚያው ሕንጻ ግራውንድ ላይ እንኖራለን። ሕንጻው አሳንሰር የለውም፤ እናቴም ጉልበት የላትም። ሐኪሙ የጉልበቷን ራጅ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ካየ በኋላ፣ እኔን ውጭ ጠርቶ «ደረጃውን ይርሱት» አለኝ። ለእሷ ግን «ቀስ በቀስ ነው እማማ» አላት። ስለዚህ እኛ ጋ የገባችው «እስኪሻለኝ» ብላ ነው። የላዩን ቤት ቁልፍ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራው ነበር፤ ስትተኛም አትፈታውም።

እኔ ፍርድ ቤቱ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተርና ማተሚያ ይዤ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። ራፖር ጸሐፊ ይሉናል። ሕግ አልተማርኩም፤ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስለጻፍኩት የማውቀው ይመስለኛል። ባለቤቴ «አንተ እኮ ሰላምታም በአንቀጽ ነው የምትሰጠው» ትለኛለች። ዋሽታ አይደለም።

ቤቱ ባዶውን ሲቀመጥ ዓይኔ ደም ለበሰ። «እናከራየው» አልኳት እናቴን፤ የቤት ኪራይ አዋጁንም አነበብኩላት። ውሉ ወረዳ መመዝገብ አለበት፣ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ተከራይንም ባሻ ጊዜ ውጣ ማለት አይቻልም። እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠችኝ።

«ሁለት ዓመት?» አለች። «እኔ በሁለት ወር ብድን የት ልግባ?»

«እማዬ፣ እኛ ጋ ነዋ።»

«እናንተ ጋ እንግዳ ነኝ። የእኔ ቤት እላይ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ እጄ አይፈርምም።»

ሐኪሙ ለእኔ ያለኝን ልነግራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ለዚህ ነው በቀን ማከራየት ያሰብነው። ደንበኞቼ ለቀጠሮ ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው ፔንሲዮን ለፔንሲዮን ሲንከራተቱ ያድራሉ። እንግዳ ያድራል፣ ይሄዳል፤ እናቴም በፈለገች ቀን ትመለሳለች። ለእንግዳ ሌላ ቁልፍ አስቀረጽኩ፤ የእሷ ከነጠላዋ አልተፈታም። ታዲያ እኔ ደንብ የምፈራ ሰው ስለሆንኩ ሁሉንም በወጉ አደረግኩ። በቀን የሚከራይ ቤት ንግድ ነው አሉኝ፤ ንግድ ፈቃድ አወጣሁ። የግብር ከፋይ ቁጥር ያዝኩ፤ ገቢውን ሳልደብቅ አስታወቅኩ። ያደረ ሰው ሁሉ የመታወቂያ ኮፒ ለወረዳው ጸጥታ ይገባል ተባልኩ፤ አስገባሁ። ደንቡንም በየተራ ለእናቴ አነበብኩላት። «እሺ» ትላለች፣ «እሺ»።

እሺታዋን ማመኔ ነው ያሞኘኝ።

እኔ ሥራ ስውል እሷ ደረጃው ሥር ፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ሰው ሻንጣ ይዞ ሲወጣ ያየ ጎረቤት ማነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እሷም ለሁሉም ዘመድ አበጀችላቸው። ከአርባ ምንጭ ለውርስ ክርክር የመጣችው ሴት የአክስቷ ልጅ ሆነች። በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባው ረጅም ወጣት የወንድሟ ልጅ። አንድ ጊዜ የውል ጉዳይ የነበረው ቻይናዊ መሐንዲስ ሦስት ቀን አደረ። እሱንስ ምን ብትል ጥሩ ነው? «በጋብቻ ነው» አለች።

ከሆሳዕና አካባቢ የሚመጡ፣ በመሬት ክርክር ያረጁ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ነበሩ። ቀጠሮ በተሰጣቸው ቁጥር እኛ ጋ ያርፋሉ። እሳቸውን ታላቅ ወንድሜ ናቸው አለች። ጎረቤቱም ዘመድ የሚከበረውን ያህል አከበራቸው። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ዶሮ ወጥ ይዛ ወጥታላቸዋለች። ሽማግሌው የልደታ ሰው ደግ ነው ብለው ያገኙትን ሁሉ በሉ።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ ዓመቱ ዞረ። ፈቃዱን ላሳድስ ስሄድ፣ ቤቱ የመኖሪያ ሕንጻ ላይ ስለሆነ የነዋሪዎቹን ማኅበር ስምምነት አምጣ ተባልኩ። ካላመጣሁ በቀን ማከራየት ቀረ፤ የቀረው የሁለት ዓመቱ ውል ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማኅበሩ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እስካሁን ያልተጠየቀ ሰው እንዲያወራ አይፈቅዱም። ማመልከቻዬን ራሴ ጽፌዋለሁ፤ ቆሜ ባማረ ድምፅ አነበብኩት። «በአራተኛ ፎቅ የሚገኘውን የእናቴን ቤት በቀን ሂሳብ ለእንግዶች ለማከራየት…»



«በቀን?» አለች የዶሮ ወጧ ሴትዮ። «ዘመዶቿን?»

«የምን ዘመዶች?» አልኩ።

«የአክስቷን ልጅ አስከፍላ ነው ያሳደረቻት? ወንድሟንም? እኔ እኮ ወጥ ሠርቼ ይዤላቸው ወጥቻለሁ! ለተከራይ ነው እንዴ የደከምኩት?»

ወሬው እንደ ንብ ተነሳ። ግብር አልከፈልክም ቢሉኝ ደረሰኝ ነበረኝ። መታወቂያ አላስመዘገብክም ቢሉኝ ኮፒው ተሰድሮ ተቀምጧል። የሥጋ ዘመድን በቀን ሂሳብ ማሳደር ግን በየትኛውም አንቀጽ አልተዘጋጀሁበትም። ወደ እናቴ ዞርኩ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች።

ሽማግሌው ለዚያ ሰሞን ቀጠሮ መጥተው ኖሮ፣ በዚሁ መሀል ከዘራቸውን እያንኳኩ ደረጃውን ወረዱ።

«በሕግ አምላክ!» አሉ መምህሩ፤ ሁሉም ዝም አለ። «አባባ፣ እንኳን መጡ። እርስዎ የእትዬ ወንድም ነዎት ወይስ ተከራይ?»

ሽማግሌው ዙሪያውን አዩ። እናቴን አዩ። ለረጅም ዘመን ችሎት ፊት የቆመ ሰው አይቸኩልም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ። «ካስማላችሁኝ፣ አይደለሁም። ካላስማላችሁኝ ግን ወንድሟ ነኝ።»

ሳቁ አራተኛ ፎቅ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። መምህሩም ሳይፈቀድላቸው ሳቁ። ያልሳቀችው እናቴ ብቻ ናት። ወንበሯን ተደግፋ ተነሳች።

«ዋሽቻችኋለሁ» አለች። «ሰው ከፍሎ አልጋዬ ላይ ይተኛል ማለት አፌ እምቢ አለኝ። ዘመድ ነው ስል ግን ቤቱ ያው የእኔ ነው፤ እኔም ለትንሽ ጊዜ ነው የወረድኩት። ሌላ ነገር የለኝም።»

የዶሮ ወጧ ሴትዮ ቀድማ ሄዳ አቀፈቻት። መምህሩ እስክሪብቶ አውጥተው ሰጡኝ። ጫጫታ እንዳይኖር፣ የውሃ ተራ እንዲጠበቅ፣ ለጥበቃው እንድናዋጣ ብለው ቅድመ ሁኔታ አስጻፉኝ። «ለምን ያህል ጊዜ ይሁን?» ብለው ሲጠይቁ እናቴ ቀደመችኝ።

«እስኪሻለኝ።»

ሕንጻው በሙሉ የጉልበቷን ነገር ያውቃል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ስትቆም ያላያት የለም። ማንም ግን ቀና ብሎ ማንንም አላየም። መምህሩ «እስኪሻላቸው ድረስ ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ፤ ሁሉም ፈረመ። እንባዬ ሊመጣ ሲል ወረቀቱን እንዳያበላሽብኝ ዘወር አልኩ።

ንግድ ቢሮ ያለችው ልጅ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እስኪሻላቸው ድረስ የሚባል የጊዜ ገደብ እኛ ጋ የለም» አለችኝ።

«እኛ ሕንጻ ላይ አለ» አልኳት።

«እናትህ ናቸው?» አለችና ትንሽ አሰበች። «ለአንድ ዓመት ብዬ ልሙላው። ካልተሻላቸው መጥተህ ታድሳለህ።»

ፈቃዱም ታደሰ፤ እንግዳውም ቀጠለ። ሽማግሌውን ግን ከዚያ ወዲህ ማስከፈል አልተቻለም፤ ጎረቤቱ አይፈቅድም።

የዚያኑ ዓመት ግንቦት ልደታ፣ ጎረቤቱ ግቢ ወጥቶ ንፍሮ ቀቅሎ ሲበላ፣ እናቴ እፍኟን ይዛ ወደ ላይ ታንጋጥጥ ነበር።

«ዛሬ እላይ ማን አለ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«እንግዲያው እኔ ልደርበት።»

የሕንጻው ወጣቶች ከነወንበሯ አነሷት። በየፎቁ ጎረቤት በር ከፍቶ እልል ይላል፤ እሷ ደግሞ «በሕግ አምላክ፣ ቀስ በሉ!» እያለች ታዛለች። በሩን በራሷ ቁልፍ ከፈተች። ገብታ ዙሪያውን አየች። አልጋው ላይ ለእንግዳ የታጠፈ ፎጣ አለ። ሳጥኗ ያለቦታው ተገፍቷል። መስኮቱ ላይ የማታውቀው መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ባለቤቴ ናት የሰቀለችው። መጋረጃውን በጣቷ ዳሰስ አደረገችው።

ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ መታወቂያዋን ሰጠችኝ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ኮፒ አድርገህ ለወረዳው አስገባ። ያደረ ሁሉ ይመዝገብ ብለህ አይደል ያነበብክልኝ?»

«እማዬ፣ የራስሽ ቤት እኮ ነው!»

«እኔ እንግዳ ነኝ» አለች። «ለአንድ አዳር።»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

በማግስቱ ጠዋት እነዚያው ልጆች አወረዷት። ደረጃው ሥር ስትደርስ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ያንን የሁለት ዓመቱን ውል ጻፍ» አለችኝ። «እጄ እንደ ጉልበቴ አይደለም፤ ይፈርማል።»

ስንት ውል ጽፌያለሁ፤ ያንን ያህል ቀስ ብዬ የጻፍኩት ግን የለም።