ሁለታችንም ዴስክቶፕ

ቬርና ሆፍስቴተር ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ብቻዋን ሥራ ሄዳ አታውቅም። አንድ ሳምንት በእሷ መኪና፣ አንድ ሳምንት በጆይስ ሊንድክዊስት መኪና፤ አሥራ አራት ማይል መሄድ፣ አሥራ አራት ማይል መመለስ። ባለተራዋ ከሌላዋ ደጅ ስትደርስ ጥሩምባ አትነፋም፤ መብራቷን ሁለቴ ብልጭ አድርጋ ትጠብቃለች። ኮሌጅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስለ ታማኝነት ሳስተምር ምሳሌ ይቸግረኝ ነበር። ጡረታ ስወጣ ግን ምሳሌው በየጠዋቱ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ብልጭ ይልልኝ ጀመር። እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ሁለቱም የሚሠሩት ለገበሬዎች የበረዶ ኢንሹራንስ በሚሸጥ ኩባንያ ቅርንጫፍ ውስጥ ነበር። በእኛ በኔብራስካ የሐምሌ በረዶ የዓመቱን በቆሎ በሩብ ሰዓት ያስተኛዋል። ያን ጊዜ ገበሬው የሚደውለው ለቬርና ነው። የውል ቁጥር አትጠይቅም። «ከድልድዩ ወዲህ ነው ወዲያ?» ትላለች። ማሳውን ታውቀዋለች፤ የሰውየውን አባት ታውቃለች፤ ድምፁ ሲሰበር ደግሞ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች። ከሥራ ስትመለስ በከተማችን የአረጋውያን ቤት ያለችውን እናቷን ራት ታበላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሕይወቷ ይኸው ነበር፤ ስልኩ፣ መንገዱ፣ የእናቷ ማንኪያ።

በየካቲት ከኦማሃ ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ገጽ ወረቀት መጣ። ያረጁት ኮምፒውተሮች ሊለወጡ ነው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከዴስክቶፕና ከላፕቶፕ አንዱን ይምረጥ፤ ከሁለቱ ሣጥኖች በአንዱ ላይ ምልክት አድርጎ እስከ ዓርብ ይመልስ። ሌላ ቃል የለበትም።

ቬርና ወረቀቱን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች።

«ፕሮፌሰር፣ የተማርከው አንተ ነህ። የቱን ልውሰድ?»

«አንቺስ የቱን ወደድሽ?»

«ላፕቶፑን። መንገድ የተዘጋ ቀን ከቤቴ ሆኜ ስልክ አነሳለሁ። አምና ገበሬው ኤልቪን ክራቶችቪል አርባ ደቂቃ ሙሉ ደውሎ የሚያነሳለት አጣ። ግን ስክሪኑ ትንሽ ነው፤ ዓይኔ ደግሞ እንደምታውቀው ነው።»

እኔም እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ቦታ ያለው ዕቃ ለሰውም ቦታ ይሰጠዋል አልኳት። ከጠረጴዛው የማይነሳ መሣሪያ ሥራን ቢሮ ያስቀረዋል፤ የሚታጠፈው ግን ተከትሎሽ መጥቶ ራት ገበታሽ ላይ ይቀመጣል።

«ወይ ጉድ! ስለ ኮምፒውተር እንጂ ስለ ባል መቼ ጠየቅኩህ!» ብላ እየሳቀች ወጣች።

ስትወጣ ልቧ አሁንም ላፕቶፑ ላይ ነበር። ሐሳቧን ያስቀየረቻት ጆይስ ናት፣ ዓርብ ጠዋት፣ መኪናው ውስጥ። ጆይስ ከእኛ አራት ቤት ወረድ ብላ ትኖራለች፤ የቅርንጫፉ ምክትል ኃላፊም ነበረች። የተባባሉትን ቬርና ኋላ ቃል በቃል ነግራኛለች።

«አብደሻል? በዚያች ቁራጭ መስታወት ላይ ቀኑን ሙሉ አፍጥጠሽ ዓይንሽን ልታጠፊው!» አለች ጆይስ። «እኔ የማደርገው ዴስክቶፕ ነው። ሁለታችንም ዴስክቶፕ እንውሰድና እንደ ድሯችን ጎን ለጎን እንቀመጥ።»

«መንገድ ሲበላሽስ?»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ የማደርስሽ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥዬሽ ሄጄ አውቃለሁ?»

ቬርና ብዕር አልያዘችም ነበር። ጆይስ ከቦርሳዋ አውጥታ አቀበለቻት። ወረቀቱ እዚያው ዳሽቦርዱ ላይ ተሞላ፤ ቢሮ ሲደርሱም ይዛው የገባችው ጆይስ ናት። ቬርና ምክሯን አመስግና በሳምንቱ የፖም ኬክ ጋገረችላት።

በሚያዝያ ካርቶኖቹ መጡ። የቬርናን ሁለት ሰው ተሸክሞ አስገባው። ጆይስ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ግን እንደ ፒዛ ካርቶን ስስ ነበር።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ቬርና።

«ተሳስተው ነው» አለች ጆይስ፣ ቀና ሳትል። «ተይው፤ በዚሁ እሠራለሁ።»

«ምን ተይው! አንቺ ያልመረጥሽውን? ቆይ እኔ ልደውልላቸው።»

«ተይ አልኩሽ እኮ ቬርና!»

ቬርና ለራሷ ቢሆን ትተወው ነበር። ለጓደኛዋ ሲሆን ግን አልቻለችም፤ ጆይስ ስብሰባ እንደገባች ኦማሃ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ጨዋ ሰው መዝገቡን አየና ስህተት የለም አላት። ወይዘሮ ሊንድክዊስት ላፕቶፕ ብለው የፈረሙት የካቲት ሦስት ቀን ነው። የምርጫው ወረቀት ለሠራተኛው የታደለው ግን የካቲት ዘጠኝ ነበር።

«እርስዎም ከቤት ከሚሠሩት ከአራቱ አንዷ ነዎት?» ሲል ጠየቃት።

«የምን ከቤት?»

 ሰውየው፣ ማውጣት የማይገባውን ነገር እንዳወጣ እየገባው፣ ቅርንጫፉ በሰኔ እንደሚዘጋ ነገራት። ላፕቶፕ የመረጡት ከየቤታቸው ይቀጥላሉ። ዴስክቶፕ የመረጡትስ? «ጠረጴዛዎ ኦማሃ ነው የሚሆነው፣ እትዬ። መምጣት ካልቻሉ ግን…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ኦማሃ መቶ ሰማንያ ማይል ነው። የእናቷ ራት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ዕለቱ ዓርብ፣ ሳምንቱም የጆይስ ተራ ስለነበር ቬርና ወደ ቤቷ የምትመለሰው በጆይስ መኪና ነበር። አውቶቡስ የለንም። ስለዚህ ገብታ ተቀመጠች፤ ቀበቶዋንም አሰረች። የስልኩን ነገር ነገረቻት። 

«ቦታው አራት ብቻ ነው» አለች ጆይስ። «አምስተኛ ሰው ከመረጠ በአገልግሎት ዘመን ይለያል አሉ። አንቺ በሁለት ዓመት ትበልጭኛለሽ። እንዳትናገሪ ብለውም አስፈርመውኛል።»

«እንዳትናገሪ አሉሽ። ብዕር አቀብዪ ብለውሻል?»

«የማርቪንን ሕመም ታውቂያለሽ። የታመመ ባል ይዤ ኦማሃ ልግባ?»

«ብትነግሪኝ እኮ እተውልሽ ነበር።»

 ይህን የቬርናን ቃል ብዙ አሰላስዬዋለሁ። እውነቷን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ትተውላት ነበር። ጆይስም ይህን ሳታውቅ አልቀረችም። ግን ለምነው ያገኙትን ነገር ዕድሜ ልክ ሲያመሰግኑበት መኖር አለ፤ ለአንዳንድ ሰው ከዚያ ይልቅ መስረቅ ይቀለዋል። ወይም እኔ አበዛሁት፤ ሴትዮዋ ፈርታ ነበር፣ ያ ብቻ ይሆናል።

የቬርና ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ጆይስ፣ የምትለው ጠፍቷት መሰለኝ፣ «ሰኞ ያንቺ ተራ ነው» አለቻት።

ሰኞ ጠዋት መስኮቴ ላይ ነበርኩ። ጆይስ ስሱን ኮምፒውተር በብብቷ ይዛ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቃለች። የቬርና መኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ፣ መብራቱም ብልጭ ሳይል አለፋት።

ቬርና ለኦማሃ ሁኔታውን ጠቅሳ ደብዳቤ ጻፈች። መልሱ ሦስት መስመር ነበር፤ «በምርጫዎ መሠረት» የሚል ሐረግ ሁለት ጊዜ ገብቶበታል። እኔም የመከርኳት ዴስክቶፑን እንደነበር አስታውሼ ይቅርታ ጠየቅኳት። «አንተ እኮ የምታስበውን ነው የነገርከኝ» አለችኝ። ይህም አላጽናናኝም።

ቅርንጫፉ በሰኔ ተዘጋ፤ ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች በጭነት መኪና ወደ ኦማሃ ሄዱ። ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ፣ እንቁላል የሚያህል በረዶ ወረደ። ካባራ በኋላ በቬርና በረንዳ ላይ የተሰባበሩትን የአበባ ማሰሮዎች ስናነሳ የቤቷ ስልክ ጮኸ። ኤልቪን ክራቶችቪል ነበር።

«ከድልድዩ ወዲህ ነው ወዲያ?» አለች ቬርና፤ ከአፏ አመለጣት። ሰማችው፤ እንደ ዱሮው ጠበቀችው። «አይ ኤልቪን፣ እኔ አልመዘግብልህም። እዚያ አልሠራም አሁን። ወረቀት ያዝ።»

ከዚያም የጆይስን የቤት ስልክ ቁጥር፣ የትም ሳታይ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልማድ በቃሏ አነበነበችለት። ስልኩ እስከ ምሽት ዘጠኝ ጊዜ ጮኸ፤ ዘጠኝ ጊዜም ያንኑ ቁጥር ሰጠች።

«ታነሳለች» ትላቸዋለች ለሁሉም። «ቤቷ ነው ያለችው።»