የልጅቷ ጉርሻ

እሁድ እሁድ ፌርፋክስ ጎዳና ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት አየዋለሁ። የፓርኪንግ ሠራተኛ ጃኬቱን እንደለበሰ ትንሿን ልጁን ወደ ግድግዳው ጥግ ያስገባና እሱ እንደ አጥር ከሰው በኩል ይቀመጣል። እሷ ከቤት የመጣላትን ነጭ ሩዝ ትበላለች። ከደረት ኪሱ የአስም ኢንሄለሯ እንደ እስክሪብቶ ብቅ ብሎ ይታያል።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ማንያህልሻል ሽሮ ጠቅልለው ልጅቷን ሊያጎርሱ ሲያጎነብሱ፣ እሱ አንገቱን አስግጎ አፉን ይከፍታል።

«ውይ፣ ዛሬም ቀማሃት!» ይላሉ።

«ሆዴን ምን ላድርገው፣ እትዬ» ይላል እያላመጠ። ቤቱ የቴፑን ዘፈን እስኪያስረሳ ይስቃል። እኔም እንዴት ያለ ሆዳም ነው እያልኩ እገረምበት ነበር።

ዛሬ ጠጋ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ለምንድን ነው የልጅቷን የምትጎርስባት?» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሽሮ ትንፋሿን ይዘጋዋል። አንድ ቤት ይህንኑ ብናገር፣ ‹ሽሮ ደግሞ ሰው ይጎዳል? ትልመደው› ብለው ደብቀው አጎረሷት። አምቡላንስ ነው የደረሰልኝ። ሶ፣ ከዚያ ወዲህ አላስረዳም፤ እበላላታለሁ።»

«ታዲያ ለምን ታመጣታለህ?»

«ሰው ትወዳለች። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ማን አላት?»

ሲወጡ ልጅቷ ልትስመው ተንጠራራች። እሱ ሽሮ የበላበትን አፉን በመዳፉ ከድኖ ፊቱን አዞረባት።

«ቤት ገብቼ ስታጠብ፣ ኦኬ?» አላት።

እሷም እንደለመደችው የጃኬቱን እጅጌ ሳመችና ቀድማው ወጣች።