ፋብሪካ የሚያማክረው ሰውዬ

ፈረስ መጋላ፣ ናፊያ ሻይ ቤት፣ ጠዋት ጠዋት የሚመጣ አንድ ሰውዬ አለ። ስልኩን ፊት ለፊቱ ያስቀምጥና በፈሰሰ ሻይ ጠረጴዛው ላይ ቀመር ይጽፋል፤ መልሶ እንደ ጥቁር ሰሌዳ በእጅጌው ያጠፋዋል። ኮቱ ምንጊዜም የተተኮሰ ነው፤ ያቺ እጅጌ ብቻ አልቃለች።

ሥራው አማካሪነት መሆኑን የሰማች ዕለት ናፊያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ባሌ ላዬ ላይ ሊያገባብኝ ነው። ወላሂ ጨነቀኝ፤ ምን ይመክሩኛል?»

ሰውዬው ደነገጠ። «እኔ እኮ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አስተምር ነበር። እሱን ትቼ አሁን የማማክረው ፋብሪካ ነው።»

«ታዲያ ፋብሪካው ምን ይላል?»

ስልኩን አንስቶ አየና መልሶ አስቀመጠው። «ክረምት ከገባ ወዲህ ዝም ብሎኛል። በደወልኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነን ይላሉ።»

ናፊያ በሐዘኔታ አየችው።

«የኔም ባል ሲጀምረው እንዲህ ነበር» አለችው።