የጋሼ ግራ እጅ

ጠዋት ጠዋት ኢምፔሪያል ፌርማታ ላይ ታክሲ ስጠብቅ፣ የመንገድ ጠራጊዋ መጥረጊያዋን አስፋልቱ ላይ ስትስበው የሚወጣው ድምፅ ጆሮዬን ይይዘዋል። ሿ... ሿ... ለአፍታ ሥራዬንም፣ ሰልፉንም እረሳለሁ። ጋሼ በዱላ ፈንታ በሽቦ ብሩሽ ድራም ሲጫወቱ ልክ እንደዚህ ነበር የሚሰማው።

ጋሼ የምላቸው ሳሊተ ምሕረት ሰፈር ጎረቤታችን የነበሩትን የጃዝ ድራመር ነው። ዕድሜያቸውን በሆቴል ባንዶች ውስጥ ሲጫወቱ አሳልፈዋል። እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናችን ከመዘምራኑ ጋር ድራም እመታለሁ። አንድ ቀን በአጥር በኩል ጠሩኝና፣ «ጉልበት አለሽ፤ ዝም ማለት ግን አልተማርሽም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አሮጌ ቆዳ በሚሸተው ክፍላቸው ያስተምሩኝ ጀመር።

በሁለተኛው ዓመት ስትሮክ መታቸው። ተረፉ፤ ግራ እጃቸው ግን አልታዘዝ አለ። የድሮ ጓደኞቻቸው ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ የእሁድ ከሰዓት ዝግጅት ሲያሰናዱ፣ ከፊት ተቀምጠው እንዲመሰገኑ ጋበዟቸው። ካልተጫወትኩ አልመጣም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ግራ እጄን ትሆኚልኛለሽ?»

አባቴ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነበር። መጠጥ በሚሸጥበት ቤት ከተጫወትሽ የመዘምራኑን ድራም ዳግመኛ አትነኪም አለኝ። ሳምንት ሙሉ ሳስብበት ቆየሁና ሄድኩ።

አንድ ድራም ፊት ለሁለት ተቀመጥን፤ እሳቸው በቀኛቸው የናስ ሳህኑን፣ ሲምባሉን፣ እኔ በግራዬ ትንሹን ድራም። ትከሻችን ይነካካል፤ ምቱን የምይዘው ከትንፋሻቸው ነበር። የመጨረሻው ሙዚቃ መሃል ላይ ቀኝ እጃቸውም ቆመ። ደንግጬ ዞር ስል ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

«ቀጥዪ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ብቻዬን ጨረስኩት።

አባቴም ቃሉን አላጠፈም። ዛሬ የምኖረው በጃዝ ነው፤ እሱ ግን አሁንም ስለ ሥራዬ አይጠይቀኝም። ጋሼ ያን ዓመት ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

አብረን የተጫወትን ዕለት ከሆቴሉ በኮንትራት ታክሲ ስንመለስ፣ የአመሻሹ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፊታቸው ላይ አርፋ ነበር። ገርጂን ሳናልፍ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በራቸው ላይ ደርሰን ሹፌሩ ሊያቆም ሲል፣

«ወንድሜ፣ እባክህ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዙርልን» አልኩት።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየን። ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸ፣ ሰፈሩን ቀስ ብሎ ዞረልን።